ማብሪያው ሲበራ የሚሆነው፦ ስቴፕ ሪስፖንስን በላፕላስ ትራንስፎርም ማውጣት

ጠረጴዛ ላይ አንድ የ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ አንድ የ100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና ልክ 5 ቮልት የሚሰጥ የስልክ ቻርጀር አለ እንበል። ሬዚስተሩንና ካፓሲተሩን በተከታታይ አያይዛችሁ፣ የቴስተሩን ጫፎች በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ አሳርፋችሁ፣ የቻርጀሩን ኔጋቲቭ ሽቦ ከካፓሲተሩ ነፃ እግር፣ ቀዩን ሽቦ ደግሞ ከሬዚስተሩ ነፃ ጫፍ ጋር ታስነካላችሁ። ቴስተሩ ወዲያው 5 አይልም። ከዜሮ ተነሥቶ መጀመሪያ ይሮጣል፤ በ10ኛው ሰከንድ ከ3 ቮልት ትንሽ አለፍ ይላል፣ በ20ኛው 4.3 ገደማ፣ በ30ኛው 4.7። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ መጎተት ይጀምራል። ሁለት ደቂቃ ብትጠብቁት 4.95 ላይ ይቆማል እንጂ 5 አይሞላም። የቀረችው 0.05 ቮልት የት ገባች? መልሷ እዚሁ ሒሳብ ውስጥ ስላለ በኋላ እንመለስባታለን።

ወደ ወረዳው (እንዲህ ወደተያያዙት ዕቃዎች፣ ወደ ሰርኪቱ) የገባው ቮልቴጅ በአንድ ቅጽበት ከ0 ወደ 5 ዘለለ። የወጣው ግን የራሱን መንገድ ይዞ ሄደ። ያ መንገድ ነው ስቴፕ ሪስፖንስ የሚባለው። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ የውሃ ፓምፕ ማብሪያው ሲጫን፣ የምጣድ ሶኬት ሲሰካ፣ ሁሉም ለሲስተሙ ስቴፕ ነው። ሲስተሙ ፈጣን ይሁን ቀርፋፋ፣ ረጋ ያለ ይሁን የሚወዛወዝ፣ በዚህ አንድ ጥያቄ ይታወቃል። የቁጥጥር ምህንድስና ሰዎች አዲስ ሲስተም ሲያገኙ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ ነው።

የብዙ ተማሪዎችን ወረቀት ሳይ የታዘብኩት ነገር አለ። ስህተቱ የሚበዛው ማባዛትና ማካፈል ላይ አይደለም። ተማሪው መልሱ ምን ሊመስል እንደሚገባው ሳያስብ ወደ ስሌቱ ስለሚገባ፣ የወጣለትን ሁሉ ይቀበላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች አራተኛውን አደራ እላለሁ፤ እሱ ሳይዘለል ከተሠራ ሌላው ስህተት ራሱን ያጋልጣል።

ምልክቶቹን በፊደላችን አድርጌያቸዋለሁ። ተ ጊዜ ነው፣ ሰ ደግሞ የላፕላስ ተለዋዋጭ። ግ ወደ ሲስተሙ የሚገባው፣ ው የሚወጣው ነው። ው(ተ) ሲባል በጊዜ የተጻፈው፣ ው(ሰ) ሲባል ትራንስፎርም የተደረገው ነው። ው′ የመጀመሪያው ዲሪቫቲቭ (ው የሚለወጥበት ፍጥነት)፣ ው″ ሁለተኛው ነው። ኤ ማለት 2.718 ገደማ የሆነው የታወቀው ቁጥር ነው። ሬዚስተሩን አር፣ ካፓሲተሩን ሲ፣ ጥቅል ሽቦውን ኤል እንላቸዋለን።

ዘዴው ለምን እንደሚሠራ

ላፕላስ ትራንስፎርም ስሙን ያገኘው ከ1749 እስከ 1827 ከኖረው ፈረንሳዊ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ከፒየር ሲሞን ላፕላስ ነው። ለኤሌክትሪክ ሰዎች መሣሪያ እንዲሆን መንገዱን የጠረገው ግን እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ ነው፤ ከ1850 እስከ 1925 የኖረ፣ አብዛኛውን ዕውቀቱን በራሱ ያጠና፣ በቴሌግራፍ ሥራ ያለፈ ሰው። ዲሪቫቲቭን እንደ ተራ የአልጀብራ ፊደል እያባዛና እያካፈለ የወረዳ ጥያቄ ይፈታ ነበር። የዘመኑ የሒሳብ ሰዎች ማረጋገጫ የለውም ብለው ተቃወሙት፤ ኋላ ላይ የላፕላስ ኢንቲግራል ለዘዴው መሠረት ሆነለት። ከዜሮ ወደ አንድ የሚዘለው ፈንክሽን ዛሬም በሄቪሳይድ ስም ይጠራል።

የዘዴው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ በጊዜ ዓለም ዲሪቫቲቭ የነበረው ነገር በሰ ዓለም በሰ ማባዛት ይሆናል። ዲፈረንሻል እኩልታ የነበረው ተራ የክፍልፋይ ጥያቄ ይሆናል። እዚያ ፈትተን እንመለሳለን።

ደረጃ 1፦ እኩልታውን ጻፉ

ከወረዳው እንጀምር። የገባው ቮልቴጅ በሬዚስተሩና በካፓሲተሩ ላይ ይከፈላል። በካፓሲተሩ የሚያልፈው ከረንት ሲ·ው′ ስለሆነና ያው ከረንት በሬዚስተሩ ስለሚያልፍ፦

አር·ሲ·ው′ + ው = ግ

አር 100,000 ኦም፣ ሲ 0.0001 ፋራድ ነው። ሲባዙ 10 ሰከንድ ይሰጣሉ። ኦም ሲባዛ ፋራድ ሰከንድ መሆኑን ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ሌላ ነገር ከወጣ አንዱ ቁጥር ተሳስቷል ማለት ነው። ማይክሮፋራድን ወደ ፋራድ መቀየር መርሳት በጣም የተለመደ ነው። ስለዚህ፦

10ው′ + ው = ግ

ደረጃ 2፦ ወደ ሰ ዓለም ውሰዱት

የሚያስፈልጉት ሁለት ሕጎች ናቸው።

ው′ ሲሻገር፦ ሰ·ው(ሰ) − ው(0)
ው″ ሲሻገር፦ ሰ²·ው(ሰ) − ሰ·ው(0) − ው′(0)

ው(0) ማለት ማብሪያው ከመጫኑ በፊት የነበረው ዋጋ ነው። ካፓሲተሩ ባዶ ከነበረ ዜሮ ነው። ያን ጊዜ፦

10ሰ·ው(ሰ) + ው(ሰ) = ግ(ሰ)

ው(ሰ)ን ነጥለን ለግ(ሰ) ስናካፍል ትራንስፈር ፈንክሽኑን እናገኛለን። ሀ(ሰ) እንበለው፦

ሀ(ሰ) = 1/(10ሰ + 1) = 0.1/(ሰ + 0.1)

በቀኝ በኩል ያለው አጻጻፍ፣ ሰ ብቻዋን የቆመችበት፣ ለቀጣዩ ሥራ ይመቻል። ትራንስፈር ፈንክሽን የሚጻፈው የመነሻ ዋጋዎች ሁሉ ዜሮ ሲሆኑ መሆኑን አትርሱ። ካፓሲተሩ አስቀድሞ ቻርጅ ከነበረው ሀ(ሰ) ብቻውን አይበቃም፤ ለዚያ ምሳሌ ከታች አለ።

ደረጃ 3፦ ስቴፑን አስገቡ

ከዜሮ ወደ 1 የሚዘል ስቴፕ በሰ ዓለም 1/ሰ ነው። ወደ 5 የሚዘል ከሆነ 5/ሰ። እኛ ያለን 5 ቮልት ነው፦

ው(ሰ) = (5/ሰ) · 0.1/(ሰ + 0.1) = 0.5/(ሰ(ሰ + 0.1))

ይህችን 1/ሰ መርሳት ቀላል ነው፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ በፈተና ላይ ረስቻት ሙሉ ጥያቄ አጥቻለሁ። ትራንስፈር ፈንክሽኑን ብቻ ወደ ጊዜ ከመለሳችሁት የምታገኙት የኢምፐልስ ሪስፖንስን ነው፤ ማለትም ሲስተሙ ለአንድ ቅጽበታዊ ምት የሚሰጠውን መልስ። ከትልቅ ዋጋ ተነሥቶ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ቻርጀሩ እንደተሰካ ያለ ካፓሲተር ባዶ ሊሆን እንደማይችል ያን ቀን አስቤ ቢሆን ኖሮ ስህተቱን ራሴ እይዘው ነበር።

ደረጃ 4፦ ከመፍታታችሁ በፊት መልሱን ጠብቁት

እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አስቀምጡና ሦስት ነገር ጠይቁ።

መጨረሻው የት ነው? ሰ·ው(ሰ)ን ውሰዱና ሰ ወደ ዜሮ ስትጠጋ ምን እንደሚሆን እዩ። የኛው 0.5/(ሰ + 0.1) ነው፤ ሰ ዜሮ ሲሆን 5። ካፓሲተሩ እስከ 5 ቮልት ይሞላል ማለት ነው።

መነሻው የት ነው? ያንኑ ሰ·ው(ሰ)ን ውሰዱና ሰ እጅግ ትልቅ ስትሆን እዩ። 0.5/(ሰ + 0.1) ወደ ዜሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከዜሮ ይነሣል፤ ካፓሲተር ቮልቴጁን በድንገት መቀየር አይችልምና ይህ ትክክል ነው።

መንገዱ ምን ይመስላል? ይህን የሚነግሩን ፖሎች ናቸው፤ ማለትም ታህቱን ዜሮ የሚያደርጉ የሰ ዋጋዎች። እዚህ ሁለት አሉ፦ 0 እና −0.1። የዜሮዋ ፖል ከስቴፑ የመጣች ናት፣ የማይለወጠውን 5 ትሰጣለች። የ−0.1ዋ ከሲስተሙ የመጣች ናት፣ ኤ^(−0.1ተ) ትሰጣለች። ፖሏ ኔጋቲቭ ስለሆነች ያ ክፍል እየጠፋ ይሄዳል። የፖሏ ግልባጭ 10 ሰከንድ ነው፤ ይህ ታይም ኮንስታንት ይባላል።

እንግዲህ ምንም ሳንፈታ መልሱ ከ0 ተነሥቶ፣ ሳይወዛወዝ፣ በ10 ሰከንድ ታይም ኮንስታንት እየተጓዘ 5 ላይ እንደሚያርፍ አውቀናል። ወረቀት ላይ በእጃችሁ ሳሉት። ፓርሻል ፍራክሽን (ክፍልፋዩን ወደ ትናንሽ ክፍልፋዮች መበተን) ከዚህ በኋላ የሚጨምረው የእያንዳንዱን ክፍል ክብደት ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የመጨረሻውን ዋጋ የምናይበት ዘዴ የሚያገለግለው የሰ·ው(ሰ) ፖሎች በሙሉ በግራ በኩል ሲሆኑ ነው፤ ማለትም ሪያል ክፍላቸው ከዜሮ ሲያንስ። ሀ(ሰ) = 1/(ሰ − 2) የሆነ ሲስተም ውሰዱ። በስቴፕ ሲመታ ሰ·ው(ሰ) 1/(ሰ − 2) ይሆናል፣ ሰ ዜሮ ስትሆን −0.5 ይሰጣል። አንድ ሰው መልሱ −0.5 ላይ ያርፋል ቢል ይሳሳታል፤ እውነተኛው መልስ −0.5 + 0.5ኤ^(2ተ) ነው፣ ማብቂያ የሌለው ዕድገት። ቁጥሩ ከመውጣቱ በፊት ፖሎቹ ይታዩ።

ደረጃ 5፦ ክፍልፋዩን በትኑት

0.5/(ሰ(ሰ + 0.1)) = ሀ1/ሰ + ሀ2/(ሰ + 0.1)

ሀ1ንና ሀ2ን ለማግኘት ፈጣኑ ዘዴ መሸፈን ነው። ለሀ1፣ ታህቱ ላይ ያለችውን ሰ በጣታችሁ ሸፍኑና በቀረው ውስጥ ሰ = 0 አስገቡ፦ 0.5/0.1 = 5። ለሀ2፣ (ሰ + 0.1)ን ሸፍኑና ሰ = −0.1 አስገቡ፦ 0.5/(−0.1) = −5። በቃ።

ው(ሰ) = 5/ሰ − 5/(ሰ + 0.1)

መሸፈን የሚሠራው ፖሎቹ ሳይደጋገሙ ሲቀሩ ነው። ሲደጋገሙ ምን እንደሚደረግ በሁለተኛው ምሳሌ እናያለን።

ደረጃ 6፦ ወደ ጊዜ መልሱት

ኢንቲግራል መሥራት አያስፈልግም። ለአብዛኛው ሥራ የሚበቁት እነዚህ ናቸው፣ በቃል ሊያዙ ይገባል (በግራ በሰ፣ በቀኝ በጊዜ የተጻፈው ነው፤ ሀና ለ እዚህ ተራ ቁጥሮች ናቸው)፦

1/ሰ ← 1
1/(ሰ + ሀ) ← ኤ^(−ሀተ)
1/(ሰ + ሀ)² ← ተ·ኤ^(−ሀተ)
(ሰ + ሀ)/((ሰ + ሀ)² + ለ²) ← ኤ^(−ሀተ)·ኮሳይን(ለተ)
ለ/((ሰ + ሀ)² + ለ²) ← ኤ^(−ሀተ)·ሳይን(ለተ)

የኛው፦

ው(ተ) = 5 − 5ኤ^(−ተ/10) = 5(1 − ኤ^(−ተ/10))

በ10 ሰከንድ 3.16፣ በ20 ሰከንድ 4.32፣ በ30 ሰከንድ 4.75፣ በ50 ሰከንድ 4.97 ይሰጣል። በአንድ ታይም ኮንስታንት 63.2 በመቶ ይደርሳል፤ በአምስት ታይም ኮንስታንት ደግሞ ከ99 በመቶ ያልፋል፣ ለዚህም ነው የእጅ ሥራ ሰዎች አምስት እጥፍ ጠብቅ የሚሉት። በደረጃ 4 ከሳላችሁት ጋር አስተያዩት፦ ተ = 0 ሲገባ 0 ሰጠ፣ ተ እጅግ ሲበዛ 5 ሰጠ። ከሥዕላችሁ ጋር ካልገጠመ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ፈልጉት።

ካፓሲተሩ ባዶ ካልነበረስ?

ሁለተኛ ጊዜ ስትሞክሩት ካፓሲተሩ ውስጥ 2 ቮልት ቀርቶ ነበር እንበል። አሁን ው(0) = 2 ነው። እኩልታው፦

10(ሰ·ው(ሰ) − 2) + ው(ሰ) = 5/ሰ

ስናስተካክለው ው(ሰ) = (2ሰ + 0.5)/(ሰ(ሰ + 0.1))። በመሸፈን፣ በሰ = 0 የሚወጣው 5፣ በሰ = −0.1 የሚወጣው 0.3/(−0.1) = −3 ነው። መልሱ 5 − 3ኤ^(−ተ/10)። ከ2 ይነሣል፣ 5 ላይ ያርፋል፣ ፍጥነቱ ያው ነው። የመነሻ ዋጋ ፖሎቹን አይነካም፤ ክብደታቸውን ብቻ ይቀይራል።

መጥቶ የሄደ ስቴፕ

መብራት መጣ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሄደ። ይህ ሁለት ስቴፕ ነው፦ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ዘግይቶ ወደ ታች። በጊዜ በ20 ሰከንድ ማዘግየት በሰ ዓለም በኤ^(−20ሰ) ማባዛት ነው፤ ስለዚህ ግ(ሰ) = (5/ሰ)(1 − ኤ^(−20ሰ))። አዲስ ስሌት አያስፈልግም። ያገኘነውን መልስ ውሰዱ፣ ያንኑ 20 ሰከንድ አዘግይታችሁ ቀንሱ። ካፓሲተሩ እስከ 4.32 ይወጣል፣ ከዚያ 4.32·ኤ^(−(ተ−20)/10) እያለ ይወርዳል።

ይህን በጠረጴዛ ላይ ስትሞክሩ ግን ተጠንቀቁ። ቀዩን ሽቦ መንቀል ግቤቱን ዜሮ ማድረግ አይደለም። ሽቦው ሲነቀል ከረንቱ የሚሄድበት መንገድ ይጠፋል፣ ካፓሲተሩም ቮልቴጁን ይዞ ይቀመጣል። በወረቀቱ እንደተጻፈው እንዲወርድ፣ የሬዚስተሩን ነፃ ጫፍ ከቻርጀሩ ነቅላችሁ ከካፓሲተሩ ኔጋቲቭ እግር ጋር ማስነካት አለባችሁ። ግ = 0 ማለት ይህ ነው። ካፓሲተሩ ኤሌክትሮሊቲክ ከሆነ ኔጋቲቩ ገላው ላይ መስመር የተሰመረበት በኩል ያለው እግር ነው፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ይሞቃል፣ ይበላሻል።

ሁለተኛው ምሳሌ፦ የሚወዛወዘው ወረዳ

እስካሁን ያየነው አንድ ፖል ያለው ሲስተም ነው። ነገሩ የሚያምረው ጥቅል ሽቦ ሲጨመር ነው። ኤል 10 ሚሊሄንሪ፣ ሲ 1 ማይክሮፋራድ፣ ከአንድ ሬዚስተር ጋር በተከታታይ። የምንለካው የካፓሲተሩን ቮልቴጅ ነው።

ኤል·ሲ·ው″ + አር·ሲ·ው′ + ው = ግ

በሰከንድ ብንሠራው 100,000,000 የሚባሉ ቁጥሮች እየመጡ ያስቸግራሉ። ጊዜን በሚሊሰከንድ ለኩ፤ ቁጥሮቹ ወዲያው ገር ይሆናሉ። ኤል·ሲ 0.01 ይሆናል። አር 120 ኦም ቢሆን አር·ሲ 0.12 ነው። ሁሉንም በ100 ስናባዛ፦

ው″ + 12ው′ + 100ው = 100ግ

የ120 ኦሙ ውስጥ የጥቅል ሽቦው የራሱ ተቃውሞ መቆጠሩን አትርሱ፤ ኦም ለኩና ከሬዚስተሩ ላይ ደምሩት።

ትራንስፈር ፈንክሽኑ 100/(ሰ² + 12ሰ + 100) ነው። ስቴፑን 1 እናድርገውና በመጨረሻ በ5 እናባዛለን።

ደረጃ 4ን አንርሳ። የመጨረሻው ዋጋ 100/100 = 1። መነሻው 0። ፖሎቹ? ሰ² + 12ሰ + 100ን ወደ ሙሉ ካሬ አምጡት፦ (ሰ + 6)² + 64። ይህ በሪያል ቁጥር ዜሮ አይሆንም። ፖሎቹ ጥንድ ኮምፕሌክስ ናቸው፣ ሪያል ክፍላቸው −6፣ ኢማጂነሪው 8። እንዲህ ተርጉሙት፦ 6 ውዝዋዜው ምን ያህል ቶሎ እንደሚሞት፣ 8 ምን ያህል በፍጥነት እንደሚወዛወዝ ይነግራል። መልሱ ከ1 አልፎ ወጥቶ ይመለሳል፤ ይህ ማለፍ ኦቨርሹት ይባላል።

አሁን በትኑት። ኮምፕሌክስ ቁጥር ውስጥ መግባት አያስፈልግም፦

100/(ሰ(ሰ² + 12ሰ + 100)) = 1/ሰ − (ሰ + 12)/(ሰ² + 12ሰ + 100)

ትክክል መሆኑን ለማየት ቀኙን ወደ አንድ ታህት አምጡት፦ ሰ² + 12ሰ + 100 − ሰ² − 12ሰ = 100። ገጠመ።

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው የሚቀጥለው ላይ ነው። ሰንጠረዡ የሚፈልገው ላዕሉ (ሰ + 6) እንዲሆን ነው፣ ያለን ግን ሰ + 12። ስለዚህ ክፈሉት፦ ሰ + 12 = (ሰ + 6) + 6። የመጀመሪያው ኮሳይን ይሰጣል። ሁለተኛው ሳይን እንዲሰጥ ላዕሉ 8 መሆን አለበት፤ 6ን 0.75 ሲባዛ 8 ብላችሁ ጻፉት። ውጤቱ፦

ው(ተ) = 1 − ኤ^(−6ተ)·(ኮሳይን(8ተ) + 0.75·ሳይን(8ተ))

ተ = 0 ሲገባ 1 − 1 = 0። ሌላም ፍተሻ አለ፤ መነሻው ላይ ያለው ዲሪቫቲቭ 6 − 0.75·8 = 0 ነው። ጥቅል ሽቦ ከረንት በድንገት እንዲነሣ ስለማይፈቅድ፣ መስመሩ ከመነሻው ተጋድሞ መጀመር ነበረበት፤ እንደዚያው ሆነ።

ጫፉ የት ነው? 8ተ ፓይ ሲሆን፣ ማለትም በ0.393 ሚሊሰከንድ። እዚያ ኮሳይን −1፣ ሳይን 0 ነው፤ ው = 1 + ኤ^(−2.356) = 1.095። ኦቨርሹቱ 9.5 በመቶ ገደማ ነው። ስቴፑ 5 ቮልት ከሆነ ካፓሲተሩ ላይ ለቅጽበት 5.47 ቮልት ይታያል። ከ5 ቮልት በላይ የማይችል ዕቃ ከዚያ ላይ ከተያያዘ የሚጎዳው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ስሌቱን መሥራት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ውዝዋዜው 2 በመቶ ውስጥ ገብቶ የሚረጋው በግምት 4 ሲካፈል ለ6፣ ማለትም በ0.67 ሚሊሰከንድ ነው።

አሁን ሬዚስተሩን ብቻ ቀይሩ፣ ሌላው ባለበት ይቆይ።

200 ኦም ሲሆን ታህቱ ሰ² + 20ሰ + 100 = (ሰ + 10)² ይሆናል። ፖሉ ተደገመ። የሚበተነው እንዲህ ነው፦ 1/ሰ + ለ/(ሰ + 10) + መ/(ሰ + 10)²። መን በመሸፈን አግኙት፦ 100/(−10) = −10። ለን መሸፈን አይሰጥም፤ መነሻው ዜሮ መሆን ስላለበት 1 + ለ = 0፣ ለ = −1። መልሱ 1 − ኤ^(−10ተ)·(1 + 10ተ)። ኦቨርሹት የለም፤ ሳይወዛወዝ ሊደረስ ከሚችለው ሁሉ ፈጣኑ ይህ ነው።

250 ኦም ሲሆን ሰ² + 25ሰ + 100 = (ሰ + 5)(ሰ + 20)። በመሸፈን፦ 1 − (4/3)ኤ^(−5ተ) + (1/3)ኤ^(−20ተ)። የ−20ዋ ፖል ቶሎ ትጠፋለች፤ የ−5ዋ ትቀራለች። ሲስተሙን የሚጎትተው አብዛኛውን ጊዜ ለዜሮ የቀረበው የሲስተሙ ፖል ነው።

ሦስቱን በአንድ ቅጽበት፣ በ0.393 ሚሊሰከንድ፣ በ5 ቮልት ስናስተያይ፦ በ120 ኦም 5.47፣ በ200 ኦም 4.51፣ በ250 ኦም 4.06 ቮልት። አንድ ሬዚስተር ነው የተቀየረው።

እንዲህ የሚረጋ የሁለተኛ ደረጃ ሲስተም ሁሉ ታህቱ በ ሰ² + 2·ዜታ·ኦሜጋ·ሰ + ኦሜጋ² መልክ ሊጻፍ ይችላል፤ ኦሜጋ ምንም የሚያፍነው ባይኖር ሲስተሙ የሚወዛወዝበት ፍጥነት፣ ዜታ ውዝዋዜው የሚታፈንበት ልክ ነው። እዚህ ኦሜጋ 10 ነው፤ ዜታ በቅደም ተከተል 0.6፣ 1፣ 1.25። ምርጫው ለእኔ ከሆነና ትንሽ ማለፍ የማይጎዳ ከሆነ 0.7 አካባቢ እመርጣለሁ፤ ኦቨርሹቱ 5 በመቶ አይሞላም፣ መድረሻው ላይ ግን ዜታው 1 ከሆነው በጣም ቀድሞ ይደርሳል። ማለፍ ፈጽሞ በማይፈቀድበት ቦታ 1ና ከዚያ በላይ ነው።

ወደ 0.05 ቮልቷ እንመለስ

የመጀመሪያው ወረዳችን 4.95 ላይ የቆመው ለምን ነበር? የረሳነው አንድ ዕቃ ስላለ ነው፦ ቴስተሩ። ብዙ ዲጂታል ቴስተሮች ቮልት ሲለኩ በውስጣቸው 10 ሜጋ ኦም ተቃውሞ አላቸው፤ እሱም ከካፓሲተሩ ጎን ለጎን ተያይዟል። በሬዚስተሩ የሚመጣው ከረንት ከፊሉ ወደ ካፓሲተሩ፣ ከፊሉ ወደ ቴስተሩ ይሄዳል። የቴስተሩን ተቃውሞ ቴ እንበለውና፦

(ግ − ው)/አር = ሲ·ው′ + ው/ቴ

ወደ ሰ ዓለም ወስዳችሁ ው(ሰ)ን ስትነጥሉ ሁለት ነገር ተቀይሮ ታገኛላችሁ። የመጨረሻው ዋጋ 5·ቴ/(አር + ቴ) = 5·10/10.1 = 4.95 ሆኗል። ታይም ኮንስታንቱም ከ10 ወደ 9.9 ሰከንድ ወርዷል። በ10ኛው ሰከንድ 3.16 መሆን የነበረበት 3.15 የሆነው ለዚሁ ነው።

በእጃችሁ አረጋግጡት። ቻርጀሩ እንደተያያዘ ቴስተሩን ብቻ አንሱና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ መልሳችሁ አሳርፉትና ዓይናችሁን ከቁጥሩ ላይ አትንቀሉ። በመጀመሪያ 5.00 ያሳያችኋል፤ ወዲያው ቀስ እያለ መውረድ ይጀምራል፣ 4.98፣ 4.97፣ 4.96፣ እስከ 4.95። የተቀላቀለው ቴስተር ራሱ ስቴፕ ሆኖ ነው፤ ው(0) = 5፣ መጨረሻው 4.95፣ መንገዱም 4.95 + 0.05·ኤ^(−ተ/9.9)።